ዲሹ ላይ የሰራሁት ጣሪያ

እኔ ሽቦ ጠባቂ ነበርኩ። እንዲህ የሚባል የስራ መደብ የትም መስሪያ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። የቅጥር ደብዳቤዬም "የጥገና ረዳት" ነው የሚለው። ማንንም ግን ረድቼ አላውቅም፤ ሽቦ ነበር የምጠብቀው።

ፋብሪካው ቃሊቲን አልፎ ወደ ቂሊንጦ ሲታጠፉ የሚገኝ ሳሙና ፋብሪካ ነው። ሲቋቋም ዙሪያው ሁሉ የጤፍ ማሳ ስለነበር ስልክ አልደረሰበትም። ስለዚህ ከአስፋልቱ ዳር ካለው የስልክ ሳጥን እስከ ግቢያችን ድረስ አርባ አንድ የባህር ዛፍ ምሰሶ ተተክሎ በማሳው ላይ ሽቦ ተዘረጋ። በዚያ ሽቦ መጀመሪያ ስልክ መጣ፣ ቀጥሎ ፋክስ፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት። ከቢሮው አልፎ ከጀርባ ያለው የሥራ አስኪያጇ መኖሪያ ቤት ድረስም ይገባ ነበር።

ሽቦው ሲበጠስ ስልክ ቤት ሄደን እናመለክታለን። "ተመዝግቧል፣ ሰራተኛ ይመጣል" ይሉናል። ሰራተኛው ሲመጣ ሁለት ሳምንት አልፏል። በመጨረሻ ፋብሪካው መሰላልና ፒንሳ ሰጥቶ "አንተው ሂድ" አለኝ። ሄድኩ። አስራ አንድ ዓመት ሄድኩ። ጠዋት ሰው ሳይገባ ከምሰሶ ምሰሶ እሄዳለሁ። የትኛው መጋጠሚያ ውሃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ምሰሶ ምስጥ እንደበላው፣ የትኛው ገበሬ በሬውን ምሰሶ ላይ እንደሚያስር አውቃለሁ። ስራው ሲጨመቅ አንድ ነገር ነው፤ ውሃ እንዳይገባ መከልከል። መጋጠሚያውን በናስትሮ እጠቀልላለሁ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ደግሞ ከመኪና ከመነዳሪ የቆረጥኩትን ጎማ አጠብቅበታለሁ። እኔ የጠቀለልኩት መጋጠሚያ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ቢወርድበት አይነካውም።

ማንበብ የተማርኩት በሰላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ለእውቀት ፍቅር አይደለም፤ ሰው ሲዋሽ እሰማለሁና እኔ አልዋሽም። የደመወዝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ስጭን ገንዘብ ያዧ በሶፍት ጣቴን ይዛ ትጠርግልኝ ነበር፤ እንደ ሕፃን አፍንጫ። አንድ ቀን ይሄ በቃኝ አልኩ። ከስራ ስወጣ አቃቂ የማታ ትምህርት ገባሁ። ከእኔ ጋር የጀመሩት ሰዎች አንድ በአንድ ቀሩ። እኔ አልቀረሁም። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም፤ ጭብጨባም አልጠበቅሁም።

ከዚያ የኮንዶሚኒየም ዘመን መጣ። ኮዬ ፈጬ በኩል ማሳው ሁሉ ተለካ፣ ተከለለ። ገበሬው ካሳ ይዞ ሄደ፣ ዶዘር ገባ። ዶዘር ሽቦ አያውቅም። ጠዋት የተከልኩትን ምሰሶ ከሰዓት ገፍቶ ይጥለዋል። የወደቀውን ሽቦ ደግሞ መዳብ ፈላጊ ቆርጦ ይወስደዋል። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ቀጠልኩ። ሥራ አስኪያጇ ከውጭ አገር ጥሬ ዕቃ የምታዝዘው በኢሜይል ስለነበር ሽቦው በተቆረጠ ቁጥር መኪና አስነስታ እስከ ሳሪስ ኢንተርኔት ካፌ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ አስጠራችኝ።

በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ሰው ታከብራለች፤ ይሄን አልክድባትም።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"ሽቦው በቃው። ከእንግዲህ ኢንተርኔቱ በሳተላይት ነው የሚሆነው። ስንት ወር የተመላለስንበት ፈቃድ ወጥቷል።"

"እሺ። እኔስ?"

እስክሪብቶዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። "መደቡ ይታጠፋል ጋሼ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይቆያሉ። ከዚያ ጥበቃ ላይ ክፍት ቦታ ካለ እናያለን።"

"ጥበቃ ላይ ክፍት ቦታ አለ?"

እስክሪብቶዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

"ዲሹንስ ማን ይጠብቀዋል?"

"ዲሽ ጠባቂ አይፈልግም እኮ። ሰማይ ላይ ምን ምሰሶ አለ?"

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከሳሪስ እስከ አቃቂ ባለው ፋብሪካ ሁሉ በር ላይ በዚያ ዕድሜ ተሰልፎ ስራ ያገኘ ሰው አላየሁም። የሚቀጥሩት ጉልበት ነው፤ ጉልበቴን ደግሞ ሽቦው ላይ ጨርሼዋለሁ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበርን። ከቢሮዋ ስወጣ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ያ ዲሽ ያለ እኔ እንደማይውል አሳያታለሁ። እንዴት እንደማሳያት አላውቅም ነበር። ዲሹም ገና አልመጣም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል መጣ፤ ከአንድ ቴክኒሻን ጋር። ቴክኒሻኑ ጂንሱ የተቀደደ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ወጣት ነው። እኔን "ፋዘር" አለኝ፤ አንቱ ማለት ግን አልፈጠረበትም። ዲሹን በስቶሩ ጣሪያ ላይ አቆመው። እኛ የምናውቀው የቴሌቪዥን ዲሽ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ አንገቱን አዙሮ ጎረቤት የሚያይ ይመስላል። ይሄኛው ግን ሽቅብ አፍጥጦ ወደ ላይ ተዘረጋ።

ስቶር ኪፐሯ ከታች ሆና ስታይ ቆየች። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ዲሽ ነው ወይስ የልብስ መዘፍዘፊያ?"

"ሳተላይቱ እዚሁ አናታችን ላይ ስለሆነ ነው ማዘር" አላት።

"እንግዲህ ክረምቱ ሲገባ ልብሴን አመጣለሁ።"

እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆምኩ። ብሎን ሲፈታ ብሎኑን አየሁ፣ ኮምፓሱን ሲያዞር ኮምፓሱን አየሁ። ስጠይቀው ግማሹን ይመልሳል፣ ግማሹን ያፏጨዋል። ሲጨርስ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወደቀ። ከፌስታሉ ጋር ሊጥለው ሲል እጁን ያዝኩት።

"ስጠኝ።"

"እንግሊዝኛ ነው እኮ ፋዘር።"

"ስጠኝ።"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ስጠኝ አልኩህ!"

ሰጠኝ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተደሰተ። ዶዘር አይነካው፣ ሌባ አይቆርጠው። ሥራ አስኪያጇ ከቤቷ ሆና ከውጭ ደንበኞቿ ጋር በኮምፒውተር ማውራት ጀመረች። አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት፤ ድምፁ ሰማይ ደርሶ እስኪመለስ ይዘገያል። እሷ ተናግራ ስትጨርስ እዚያ ማዶ ያለው ገና መስማቱ ነው። ደግሞ እኛ እሺ ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን እንጂ ቃል አናወጣም። ያን ትንፋሽ ሳተላይቱ አያደርሰውም። ፈረንጁ "አለሽ? አለሽ?" ይላል፣ እሷ ትንፋሽ ትስባለች፣ ፈረንጁ "አለሽ?" ይላል። መስኮቱ ስር ቆሜ ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሽቦዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ያዘ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደወረደ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ዝናቡ አባራ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ከሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ዋለ። በማግስቱም እንደዚያው። ቴክኒሻኑ በስልክ "ዝናብ ነው፣ ምንም አይደረግም፣ ጠብቁ" አለ። እኔ ይሄን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ውሃ! አስራ አንድ ዓመት የታገልኩት ጠላቴ። ይህ ልጅ ምን ያውቃል፣ ውሃን የማውቀው እኔ ነኝ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው በሌለበት፣ አሮጌ ቆርቆሮ አውጥቼ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። አራት ቋሚ አቆምኩ፣ ማገር መታሁ፣ ስድስት ቆርቆሮ አለበስኩ። ውሃው ወደ ስቶሩ ጀርባ እንዲፈስ አዘነበልኩት። በዚያ ላይ ዲሹ መሃል የቆመችውን ጭንቅላት በከመነዳሪ ጥርቅም አድርጌ ጠቀለልኳት። ስጨርስ ቁልቁል ወርጄ አየሁት። ከብዙ ሰው ቤት የተሻለ ጣሪያ ነበር። አንዲት ጠብታ አታልፍም።

ሰኞ ፀሐይ ወጣች፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኢንተርኔት የለም። ሥራ አስኪያጇ ቴክኒሻኑን ጠራችው። እስከ ምሳ ሰዓት ሞደም ሲፈታ ሲገጥም ቆየ። ኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ ቀና ሲል ጣሪያዬን አየ። ሳቁን ለቀቀው። ጉልበቱን ይዞ ተንበርክኮ ሳቀ።

"ፋዘር! ሰማዩን እኮ ዘጋህበት! በቆርቆሮ ምን ያልፋል?"

"ዝናብ እንዳይገባ ነው።"

"ዝናቡም አልገባ፣ ሳተላይቱም አልገባ!"

ሰራተኛው ከየክፍሉ ወጣ። ስቶር ኪፐሯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ምነው ግድግዳውን ተውከው? በርና መስኮት አበጅተህለት ብናከራየው!" አለች። ሥራ አስኪያጇ አልሳቀችም። ቢሮዋ ገባች። በዚያው ዕለት አስር ሰዓት ላይ ደብዳቤው እጄ ገባ። እስከዚያ በቃል የነበረው አሁን ማህተም አርፎበታል፤ "ከነሐሴ ሠላሳ ጀምሮ ከስራ የተሰናበቱ መሆኑን እየገለጽን።" ሳላስነብብ ራሴ አነበብኩት። ማንበብ የሚጠቅመው አንዳንዴ ለእንዲህ ያለው ነው።

ቆርቆሮውን ራሴ አፈረስኩ፣ ከመነዳሪውንም ፈታሁ። ሚስማሩን አንድ በአንድ ስነቅል ግቢው በሙሉ ከታች ያየኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ኮንትራክተሩ" ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ የቀረውን ቀን በሻይ ይጨርሰው ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። በሳቁት አይደለም፤ ያ ልጅ ልክ በመሆኑ። ልክ የሆነው እኔ የማላውቀውን ስላወቀ ነው። የሚያውቀው ነገር ደግሞ መጽሐፉ ላይ አለ። መጽሐፉ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

የልጄን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከቤት አመጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከቦይለሩ ጀርባ እቀመጣለሁ። አንዱን ቃል ስፈልግ ሌላውን እረሳለሁ። በቀን ግማሽ ገጽ ከገፋሁ ጎበዝ ነኝ። አንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላቱም ላይ የለም። ስቶር ኪፐሯ አንድ ቀን መጥታ በላዬ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ አሰናብተውህ የለ? ለማን ነው የምታጠናው?"

"ለራሴ።"

"ፈተና አለብህ?"

"አለብኝ። ሂጂ አሁን፣ ቃሉን አስጠፋሽኝ።"

ሄደች። ተመልሳም ሻይ አስቀመጠችልኝ። ምንም አልተናገረችም፤ እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ዓይኔን ዲሹ ላይ ተከልኩ። ዝናብ ሲጥል ይጠፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያላስተዋሉት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለውን ነው። ሰማይ ላይ ዝናብ የለም፣ ታዲያ ምንድን ነው የሚያግደው? አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ መሰላል ተደግፌ ወጣሁ። ጣሪያዬን ስሰራ ግርጌው ላይ የቀረችውን ትንሽ ውሃ አይቼ ንቄያት ነበር፤ አሁን ግን ዲሹ እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። ሽቅብ ስለሚያይ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል። በውሃው ላይ በረዶ ይንሳፈፋል፣ ከበረዶው ስር የሳሙና ብናኝና ቅጠል። ወርጄ ጣሳ አመጣሁ።

"እትዬ!" ብዬ ስቶር ኪፐሯን ጠራኋት። "ኮምፒውተርሽ ጋ ሁኚና ሲመጣ ንገሪኝ።"

"ደግሞ ምን ልትገነባ ነው?"

"ሁኚ ብዬሻለሁ!"

በጣሳ እየቀዳሁ ማፍሰስ ጀመርኩ። ቤታችን የቴሌቪዥን ዲሽ ስናስተካክል አንዱ ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ሳሎን ሆኖ እንደሚጯጯኸው ከታች ድምጿን ለቀቀችው።

"የለም!"

ቀዳሁ።

"የለም! … የለም! … ቆይ ቆይ … የለም!"

ግርጌው ላይ የቀረውን በእጄ ጠረግኩ።

"መጣ! ኧረ መጣ! አንተ ሰውዬ፣ መጣ!"

ጣሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። እጄ በረዶ ሆኗል። ጣሳ ይዞ በዘነበ ቁጥር መውጣት ግን መፍትሔ አይደለም፤ እሱን የትኛውም የቀን ሰራተኛ ይሰራዋል። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። አሁን የምፈልገውን አውቄያለሁ። ውሃ የሚለውን ቃል በየገጹ አደንኩ። ከኋላ በኩል፣ አስራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ሥዕል አለው፤ ወደ ላይ የተዘረጋ ዲሽ፣ ከስሩ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው የምትወርድ ጠብታ። ከሥዕሉ በታች ያለውን ሁለት መስመር ለመፍታት ሁለት ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። ዲሹ ወደ ላይ የሚያይ ከሆነ ከግርጌው ያለው ውታፍ ይነቀል፣ ውሃው እንዲወርድ ይላል።

ስቶር ኪፐሯን ምስክር እንድትሆን ይዣት ወጣሁ። እሷ ከመሰላሉ ግማሽ አላለፈችም። ከዲሹ ስር ተንጋልዬ በእጄ ዳበስኩ። በጭቃና በብናኝ ተሸፍና አንዲት የላስቲክ ውታፍ አለች፤ አውራ ጣት ታክላለች። ያ ሲያፏጭ የዋለው ልጅ ያላያት ይቺን ነው። በፒንሳ ይዤ ነቀልኳት። የተቋጠረ ውሃ ፊቴ ላይ ፈሰሰ።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። ታጠብኩ።"

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ወረደ። ሥራ አስኪያጇ ከዕቃ አቅራቢው ጋር እያወራች ነበር። ኢንተርኔቱ ጠፋ። ውሸት አልናገርም፣ ዝናቡ ሲበረታ ውታፍ ብትነቅልም ባትነቅልም ይጠፋል። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀ፣ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚሁ። በሦስተኛው ቀን አስጠራችኝ። መጽሐፉን ይዤ ገባሁ፣ አስራ ዘጠነኛውን ገጽ ገለጥኩላት፣ ውታፏን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኳት። አነበበች። ስልክ አንስታ ቴክኒሻኑን ጠየቀችው። ወዲያ ማዶ የሚለው ተሰማኝ፤ "አዎ፣ እሱ እንኳ መነቀል ነበረበት።" እሱ እንኳ!

ስልኩን ዘጋች። "ጋሼ፣ አጥፍተናል። ግን የስንብት ደብዳቤው ወደ ዋናው መስሪያ ቤት ተልኳል። መደቡም ታጥፏል። እኔ አሁን ምን ላድርግ?"

"ሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ዲሽ ጠባቂ ብለው።"

"እንዲህ ያለ መደብ የለም እኮ።"

"ሽቦ ጠባቂም አልነበረም። አስራ አንድ ዓመት ሰርቻለሁ።"

"ይቀመጡ እስቲ።"

"ደብዳቤው ሲጻፍ እቀመጣለሁ።"

ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆሜ ቆየሁ። የአስተዳደር ኃላፊው የመደብ መዝገቡን ይዞ መጣ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። ቴክኒክ ክፍል ሞልቷል። ጥበቃ ሞልቷል። ጥገና ታጥፏል። ሁለቱም እኔን ያያሉ፤ እንድወጣላቸው። አልወጣሁም። እግሬ ሲዝል ግድግዳውን ተደገፍኩ። በመጨረሻ ኃላፊው ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"አንድ ክፍት ቦታ አለ" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። "ጽዳት።"

ሥራ አስኪያጇ ፊቷ ቀላ። "ጋሼ፣ ቅር ከተሰኙ …"

"ደመወዜ እንዳይነካ። የማጸዳው ዲሹን ብቻ መሆኑን ይጻፉበት።"

ጻፉት። ከመፈረሜ በፊት ከራስጌው እስከ ማህተሙ አነበብኩት። አንድ ቦታ "ዲሹንና አካባቢውን" ይላል። "አካባቢውን" የሚለውን ሰርዙ አልኩ። ኃላፊው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። አካባቢው የቱ ድረስ እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ነገ ሽንት ቤቱም የዲሹ አካባቢ ነው ይሉኛል። ሰረዙት፣ እንደገና ተተየበ፣ ፈረምኩ።

መስከረም ላይ የጽዳት ሴቶች ጋዋን ሲታደል ለእኔም አንድ ደረሰኝ፤ ሰማያዊ፣ ለሴት የተሰፋ፣ ደረቱ የማይገጥም። ስቶር ኪፐሯ እያስፈረመችኝ "ኮንትራክተሩ፣ መቀነትስ ልስጥህ?" አለች። ጋዋኑን ሳልቆልፈው ለበስኩት። በቂሊንጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። መሰላሉን ተሸክሜ ወደ ስቶሩ ጀርባ ሄድኩ።